የደቻሳ ሦስት ወረቀቶች

ወልደጻድቅ ሰው ሲያስነጥሰው እንኳ «ይማርህ» ከማለቱ በፊት የምሩን ይሁን የውሸቱን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ያያል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን ተረት ሌላው ሰው ሲቸግረው ይጠቅሳታል፤ እሱ ግን ይኖርባታል። አያት ኮንዶሚኒየም የብሎካቸው እድር ሲቋቋም ሰዎቹ ዳኛ ለመምረጥ ግማሽ ቀን ተከራከሩ፤ ጸሐፊ ለማግኘት ተለማመኑ። ተቆጣጣሪ ማን ይሁን ሲባል ግን ሁሉም አንድ ላይ ወደ እሱ ዞሩ። እሱም ለምን በአንድ አፍ እንደመረጡት እስከ ዛሬ ይጠረጥራል።

ሥራው በልኩ የተሰፋ ነበር። እድርተኛ ሲሞት ድንኳን የሚተክለውን፣ አግዳሚ የሚሸከመውን፣ ሬሳ በዚያ ጠባብ ደረጃ ከፎቅ የሚያወርደውን በስም እየጠራ ይመዘግባል። የቀረ ሰው ምክንያቱን በወረቀት ያመጣል። ሦስት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይሰረዛል። ከእድር የተሰረዘ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከውጭ ሲመለስ በየፎቁ ቆም እያለ ኮሪደሩን ይቃኛል፤ የማን ጫማ በማን በር እንደተቀመጠ፣ ማን እንግዳ እንዳለበት ያያል። ጎረቤቶቹ ከኋላው «ጋሼ ደህንነት» ይሉታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ አልሰማም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ ቁጥጥሩ ጠንክሮ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የደረጃውን ብረት ይዞ ረዘም ላለ ጊዜ መቆም ጀምሯል።

በ2007 ዓ.ም. ግንቦት፣ አዲሱ የከተማ ባቡር ገና ሰው ሳይጭን ከአያት እየተነሣ ለሙከራ ሲመላለስ፣ በወልደጻድቅ ፋይል ውስጥ ሦስት የሐኪም ወረቀቶች ተከማችተው ነበር። ሦስቱም የአንድ ሰው ናቸው፤ የደቻሳ። ታኅሣሥ ላይ ቀብር ሲቀር «የሁለቱም እግሮች እብጠት» የሚል ወረቀት አመጣ። የካቲት ላይ ድንኳን ሲተከል አልመጣም፤ ወረቀቱ «የልብ ድካም» ይላል። ከፋሲካ በኋላ ከሦስተኛ ፎቅ ሬሳ ሲወርድም ቀረ፤ አሁን ደግሞ ቦሌ ካለ የሳንባ ክሊኒክ የመጣው ወረቀት «ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ» አለ።

«እግር፣ ልብ፣ ሳንባ» አለ ወልደጻድቅ ለሚስቱ ለወለተማርያም፣ በጣቱ እየቆጠረ። «ለሰኔ ጥርሱን ነው የሚያመው።»

ውሸታም የሚያዘው ያለውን ሲረሳ ነው ብሎ ያምናል። ደቻሳ አንድ በሽታ ላይ ቢጸና ኖሮ ማንም አይደርስበትም ነበር። ሌላም ሌላም ምልክት አለ። ጥር ላይ ደቻሳ አራተኛ ፎቅ ያለውን ቤቱን ከአንድ ቤተሰብ ጋር ተለዋውጦ ምድር ቤት ወርዷል። ምድር ቤት ውኃ አይጠፋም፤ ለውኃው ነው። ሲነጋጋ የሚወጡ ሰዎች ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ያዩታል፤ ማንን ነው የሚጠብቀው? ስብሰባ ላይ ያንቀላፋል፤ ሲቀሰቅሱት ረቡዕን ሐሙስ ይላል። ይህ አረቄ ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል?

ሁለቱ የሚተዋወቁት ከድሮ ነው። የደቻሳ አባት ዛሬ ሪል እስቴት በቆመበት ሜዳ ጤፍና ገብስ ያርሱ ነበር። መሬቱ ሲሄድ ዘመድ አዝማዱ ተበተነ፤ ደቻሳ ጎሮ አካባቢ ባለ የግራናይት መቁረጫ ተቀጠረ። የዚያ ቤት ተቆጣጣሪ ወልደጻድቅ ነበር። ድርጅቱ እስኪሸጥ ድረስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቦሌ ላይ ፎቅ እንደ አሸን በፈላበት ዘመን፣ ያለ እሱ ዓይን አንድ ድንጋይ ከበሩ አልወጣም። የደቻሳን የምሳ ዕቃ ማታ ማታ ከፍቶ ይፈትሽ ነበር። አንድም ቀን ምንም አላገኘበትም፤ ይህም ራሱ ያጠራጥረው ነበር።

የእድሩ ዳኛ አቶ ላጲሶ ነገር ማንዛዛት የማይወዱ ሰው ናቸው። «አቶ ወልደጻድቅ፣ እሑድ ጉባኤ አለ» አሉት። «ወረቀቶቹ እውነት ናቸው ይበሉን፣ ወይም ሐሰት ናቸው ይበሉን። ሐሰት ከሆኑ ሰውየውን እንሰርዛለን።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወልደጻድቅ ሳይነግር ደቻሳ ቤት ሄደ። የተነገረው ታማሚ ይዘጋጃል።

የከፈተችለት የደቻሳ ሚስት ቢሊሴ ናት። ደቻሳ ሶፋው ላይ ከጀርባው ሦስት ትራስ ደርድሮ፣ እግሮቹን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ከእግሩ ሥር ያለው ነጠላ ጫማ ከድሮ ቁጥሩ በሁለት ይበልጣል። ወልደጻድቅ የሰው የጫማ ቁጥር ይይዛል፤ የፋብሪካውን ቦት ጫማ ያደለው እሱ ነበር። የደቻሳ ፊት ግን ከስቷል። ከላይ የከሳ፣ ከታች የወፈረ ሰው አይቶ አያውቅም።

«እስቲ ልየው» አለና ሳይፈቀድለት አጎንብሶ የደቻሳን ቅልጥም በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱን ሲያነሳ ጉድጓዱ ሊጥ ላይ እንደተጫኑት ቀረ። ሰዓቱን እያየ ጠበቀ። ጉድጓዱ ሳይሞላ ቆየ።

«እግርህን ነዋ የሚያምህ።»

«እግሬንም ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ወረቀቱ ለምን ሳንባ ይላል?»

ደቻሳ ለመመለስ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ። «እኔስ መች ገባኝ። ጤና ጣቢያ ስሄድ እግር አሉኝ። ሆስፒታል ስሄድ ልብ አሉኝ። ቦሌ ስሄድ ሐኪሟ ሳንባ አለችኝ። የሄድኩበት ሁሉ አንድ አንድ ነገር ይጨምርልኛል።»

ወልደጻድቅ አልሳቀም። ይህ ሰው ወይ እውነተኛ ሞኝ ነው፣ ወይ ሞኝ መምሰል የተካነ ነው። ማስታወሻውን አውጥቶ መጻፍ ሲጀምር ደቻሳ ዓይኑን ከብዕሩ ላይ አላነሳም። ወልደጻድቅ ቀና ሲል የሚያየው ብዕሩን ሳይሆን እጁን እንደሆነ ገባው።

«ጋሼ፣ እጅዎ...» አለ ደቻሳ።

«እጄ ምን ሆነ?»

ደቻሳ ወደ ሚስቱ አየ። ቢሊሴ አንገቷን ደፋች። «ምንም። ሻይ ይጠጡ» አለ።

ወልደጻድቅ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሻይም አልጠጣም። ጉቦ ሊያስይዘኝ ነው የእጄን ሁኔታ የሚያየው ብሎ አሰበ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንቱ ሊያስይዘው ሞክሯል።

ቢሊሴ እስከ በሩ ሸኘችው። ከኋላዋ በሩን ገርበብ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እኛ ሰፈር ድሮ እድር አያስፈልግም ነበር፤ ሁሉም ዘመድ ነዋ» አለች። «አሁን ወንድሞቹ አንዱ ሱሉልታ፣ አንዱ ዱከም ነው፤ ሌላው የት እንዳለም አናውቅ። እሑድ ከሰረዛችሁት ይህን ሰው እኔ ብቻዬን ልቅበረው?»

ወልደጻድቅ ዓይኗ እንባ አለማቅረሩን ልብ አለ። የሚያለቅስ ሰው ይጠረጥራል፤ የማያለቅስም አላሳረፈውም።

ሐሙስ ጠዋት በታክሲ መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ ሄደ። ከመስኮቱ በኩል ሕንፃዎቹ ሲያልፉ ያውቃቸዋል፤ የዚያ ባንክ ደረጃ፣ የዚያ ሆቴል ግድግዳ፣ ሁሉም በእሱ በር ተቆጥረው የወጡ ናቸው። ክሊኒኩ አንድ የመስተዋት ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃ ወጣ። ወለሉ ግራጫ ግራናይት ነው፤ ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው። የእነሱ ድንጋይ ነው። እስኪቀና ድረስ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት።

«ሐኪሟን አንድ ነገር ልጠይቅ ነው» ሲል ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ያለ ካርድ ሐኪም ማየት አይቻልም አለችው። ቢለምን፣ ቢቆጣ አልሆነም። እናም ተቆጣጣሪው ወልደጻድቅ፣ ታመምኩ ብሎ የዋሸውን ሰው ለማጋለጥ፣ ታመምኩ ብሎ ካርድ አወጣ። «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ስትለው «ያስለኛል» አለና ለማስረጃ ያህል ሁለት ጊዜ ሳለላት።

ነርሷ ጣቱን በትንሽ መቆንጠጫ ያዘችው። ቁጥሩን አየችና ፊቷን ቋጠረች፤ ወደ ሌላ ጣቱ አዛወረችው። እንደገና ወደ ሌላ። ወልደጻድቅ ማሽኑ የተበላሸ መሆኑን ተረዳ፤ ለተበላሸ ማሽን ደግሞ አስከፍለውታል።

ሐኪሟ ዶክተር ፌናን ትባላለች፤ የልጁ እኩያ ናት። ጀርባውን ገልጣ አዳመጠችው። «በረጅሙ ይተንፍሱ፣ አባቴ» አለች። ተነፈሰ። «አሁንም።» ከጎድኑ ግርጌ ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ማዳመጫዋን አድርጋ ቆየች። ይህ ሁሉ ለውሸት ሳል መሆኑ ሲበዛበት ሸሚዙን አወረደና ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋ።

«ዶክተር፣ እውነቱን ልንገርዎት። እኔን አላመመኝም። ለሥራ ነው የመጣሁት። ይህን ሦስተኛውን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«ፊርማው የእኔ ነው» አለች። «ስለ ሰውየው ግን አንድ ቃል አልነግርዎትም።»

«የሚደበቅ ነገር ከሌለ ለምን አይነግሩኝም?»

«የሚደበቅ ስለሆነ አይደለም። የእሱ ስለሆነ ነው።»

ይሄኔ ወልደጻድቅ እጅ ከፍንጅ የያዛት መሰለው። «እንግዲያው ይንገሩኝ፤ አንድ ሰው በስድስት ወር ውስጥ እግሩን፣ ልቡን፣ ሳንባውን በተራ ሊታመም ይችላል? ወይስ ወረቀት እንዲህ ነው የሚሰጠው?»

ዶክተር ፌናን ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች። አልተቆጣችም። «ስለ ሰውየው አልናገርም አልኩ። ስለ ሰው ሰውነት ግን እናውራ። ቤትዎ ስንተኛ ፎቅ ነው?»

«አራተኛ። ምነው?»

«ውኃ ይደርስዎታል?»

«በፓምፕ ነው፤ እሱም ሲፈልግ።»

«ላይ ያለው ቧንቧ በደለል ቢጠብ ፓምፑ ምን ይሆናል?»

«ይጨነቃል» አለ ወልደጻድቅ። ስለ ፓምፕ ማንም አያስተምረውም። «ዓምና እንዲያ ሆኖ ተቃጥሎብናል። ውኃው መሄጃ ሲያጣ ከታች ያለውን መገጣጠሚያ ፈንቅሎ ምድር ቤቱን አጥለቀለቀው።»

«ፓምፑ ልብ ነው» አለች። «ደሙን ወደ ሳንባ ይገፋል። ሳንባው በጠባሳ ሲጠነክርና ሲጠብ ልብ ሲታገል ሲታገል ይደክማል። ያልተገፋው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ውኃው እግር ላይ ይጠራቀማል። እግር የሚያይ ሰው እግር ይላል፣ ልብ የሚያይ ሰው ልብ ይላል። በሽታው ግን አንድ ነው፤ ከላይ ነው የተነሣው።»

ወልደጻድቅ ወረቀቶቹን አያቸው። ታኅሣሥ፣ የካቲት፣ ሚያዝያ። እግር፣ ልብ፣ ሳንባ። ደረጃውን ከታች ወደ ላይ እንደወጣ ሰው ነው የተጻፉት።

«እንዲህ የሆነ ሰው ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል» ቀጠለች፤ «ቁጭ ብሎ ያድራል። የቆሸሸው አየር በደንብ ካልወጣ ደግሞ ጭንቅላት ይደነዝዛል። ቀን ላይ ያንቀላፋል፣ ቀኑን ይሳሳታል። ሰውነቱ ይከሳል። ለአንዳንዱ ሰው ጣቱም ላይ ይወጣል።» ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ «የእርስዎ ጣት ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» አለችው።

ወልደጻድቅ ጣቱን አየ። ጫፍ ጫፉ ክብ ብሏል፤ ጥፍሩ ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ሥጋውን አቅፎታል። የሚያውቀው ጣት ነው። «የሥራ ሰው እጅ ነው» አለ።

«የሁለት እጅዎን አንድ አንድ ጣት፣ ጥፍር ለጥፍር ያጋጥሙ። እንደ እኔ።» ሌባ ጣቶቿን ጀርባ ለጀርባ አገናኝታ ወደ መስኮቱ አነሣቻቸው። በሁለቱ ጥፍሮች መካከል ሥሩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ የቦሌ ብርሃን በእሷ በኩል ይታያል። ወልደጻድቅም አጋጠመ። ብርሃን የለም። ጣቶቹን አሸት አሸት አድርጎ እንደገና አጋጠመ። የለም።

«ጥፍር ብቻውን አይፈርድም» አለች። «ነርሷ የለካችው ኦክስጅን ግን ዝቅ ብሏል፤ ጀርባዎ ላይም የሰማሁት ድምፅ አለ። ሥራዎ ምን ነበር?»

«ተቆጣጣሪ። ግራናይት መቁረጫ ቤት። እኔ ግን አንድ ድንጋይ ቆርጬ አላውቅም።»

«ከማሽኖቹ ይርቁ ነበር?»

የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረ።

«ቢሮ አልነበረዎትም?»

«ነበረኝ» አለ ወልደጻድቅ።

ነበረው። የድርጅቱ ባለቤት በመስተዋት የተከበበች ቢሮ አሠርተውለት ነበር፤ አቧራው አይገባባትም። ሁለት ቀን ተቀመጠባት። መስተዋቱ ላይ አቧራ እየተጋገረ የሠራተኛውን እጅ በደንብ አላሳየውም። በሦስተኛው ቀን ወንበሩን አውጥቶ በማሽኖቹ መካከል አስቀመጠ፤ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ተቀመጠ። ቆራጮቹ ተራቸውን ጨርሰው ወደ ውጭ ይወጣሉ፣ አየር ይወስዳሉ። እሱ ግን ዞር ቢል ይሰርቁታልና አይነሳም ነበር።

«ውሸቴን እኮ ነው የመጣሁት፣ ዶክተር» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ልመና ይመስል ነበር።

«አውቃለሁ። ሳልዎ ውሸት ነበር» አለችና የራጅ ማዘዣ ጻፈችለት።

ማዘዣውን ኪሱ ከትቶ ወጣ እንጂ አላመነም። ራጅ ሊሸጡልኝ ነው አለ። ቀጥሎም ደቻሳና ሐኪሟ ተመካክረው ይሆናል አለ፤ ደቻሳ እጁን አይቶ የለ? በታክሲው ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠውን ከረባት ያሰረ ሰው፣ «ወንድሜ፣ እስቲ ጥፍርህን እንዲህ አጋጥም» አለው። ሰውየው መጀመሪያ ቦርሳውን ጠበቅ አደረገ፤ ኋላ ሽማግሌ ላለማስቀየም አጋጠመ። ብርሃን አለ። ከሰውየው ወዲያ ያለችው ሴትዮም ሳትጠየቅ አጋጠመች። አላት። ሲኤምሲ ጋ ሲደርሱ የኋላ ወንበር ተሳፋሪ ሁሉ ጥፍሩን እያጋጠመ ይሳሳቃል፤ የወልደጻድቅ እጅ ብቻ ኪሱ ውስጥ ነው።

ቤት ሲገባ ወለተማርያም ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀምጣ አጋጠመችለት። አላት። ነገሩን ሲነግራት ሽንኩርቱን ተወችው።

«ጥፍርህ የማንኪያ ጀርባ መስሏል ስልህ ሁለት ዓመቴ» አለች። «ስትተነፍስ ደረጃ ላይ እሰማሃለሁ። ተመርመር ብልህ ምን አልከኝ? ማን መከረሽ አልከኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።»

ዞር ብላ ፊቷን ጠረገች። ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ፣ ወልደጻድቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አልመረመረም። ፈርቶ ነበር።

ዓርብ ራጅ ተነሣ። ቅዳሜ ዶክተር ፌናን ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅላ ሁለቱም ሳንባዎቹ ላይ የተበተነውን ነጭ ነጭ ነገር በእስክሪብቶ እየነካች አሳየችው። የድንጋይ አቧራ የሠራው ጠባሳ ነው አለች። ጠባሳው አይጠፋም፤ እንዳይብስ ግን ክትትል አለ፣ መድኃኒት አለ። ልቡ መድከም ጀምሯል፤ እግሩ ገና አላበጠም። «ቢያንስ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ቢመጡ ልብዎን ሳይደክም ባገኘነው ነበር» አለችው። ወረቀቱን ተቀብሎ ከሦስቱ ጋር ፋይሉ ውስጥ አስገባው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጉባኤው በኮሙናል ቤቱ ተሰበሰበ። አርባ ያህል ሰው የፕላስቲክ ወንበሩን ይዞ ተቀምጧል። ደቻሳ በሩ አጠገብ ነው፤ ቢሊሴ ከጎኑ ቆማለች። አቶ ላጲሶ አጀንዳውን ከፍተው፣ «ተቆጣጣሪው ይናገሩ» አሉ።

ወልደጻድቅ ተነሣ። «ሦስቱም ወረቀት እውነት ነው» አለ። «በሽታው አንድ ነው። የደቻሳ ስም መሰረዝ የለበትም።»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ሰዎቹ ከወልደጻድቅ አፍ «እውነት ነው» የሚል ቃል ሰምተው አያውቁም። ባለሱቁ ኢሳ ከመሃል እጁን አወጣ። «ይቅርታ፣ ጋሼ ወልደጻድቅ። ረቡዕ ደቻሳ ቤት ሲገቡ አይቻለሁ። ሲወጡ ቢሊሴ በር ድረስ ሸኝታ በሹክሹክታ ስታወራዎት ነበር። እጅዎም ኪስዎ ውስጥ ነበር። ምን ይዘው ነው የወጡት?»

ጉርምርምታ ተነሣ። አቶ ላጲሶም፣ «አቶ ወልደጻድቅ፣ ቃል ብቻ አይበቃም፤ ማስረጃ ይቅረብ የሚሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት» አሉ።

ወልደጻድቅ ፊቱ ጋለ። የምሳ ዕቃውን ከፍቶ በር ላይ የሚቆም ሰው ምን እንደሚሰማው በዚህ ዕድሜው አሁን ቀመሰው። ወደ ደቻሳ አየ። የደቻሳ ፊት ላይ ግን ደስታ አልነበረም።

«እሺ» አለ። «ሁላችሁም እጃችሁን አንሡ። ጥፍር ለጥፍር አጋጥሙና ወደ መስኮቱ ያዙት። ቀዳዳ ይታያችኋል።»

መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ግን አነሡ። አርባ ሰው ጣቱን አጋጥሞ ወደ ብርሃኑ ዞረ። ወልደጻድቅ በየወንበሩ መካከል እያለፈ፣ እንደ ልማዱ አንድም ሰው ሳይዘል፣ የእያንዳንዱን ጥፍር ተቆጣጠረ። አቶ ላጲሶ አላቸው። ኢሳ አለው። ቢሊሴ አላት። ደቻሳ አጋጠመ፤ የለውም።

«የሌለው ሳንባው የተጎዳ ነው፤ ሐኪሟ ናት ያሳየችኝ» አለ ወልደጻድቅ፣ ወደ ፊት ተመልሶ። «ድንጋይ የቆረጠ ሰው ሳንባው ይጎዳል፣ ሳንባው ልቡን ያደክማል፣ ልቡ እግሩን ያሳብጣል።» ከዚያ የራሱን ሁለት ጣቶች አጋጥሞ ከፍ አደረገ። ከፊት ያሉት ቀድመው አዩት፤ ከኋላ ያሉት ብድግ ብድግ እያሉ አዩ። አራተኛውን ወረቀት ከፋይሉ አውጥቶ አቶ ላጲሶ ፊት አስቀመጠ። «ይህ ደግሞ የእኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሬሳ ማውረድ አልችልም። ተቆጣጣሪ ይላክና ያረጋግጥ።»

አቶ ላጲሶ ወረቀቱን አንብበው በቀስታ አጠፉት። ማንም እጅ አውጡ ሳይል የደቻሳ ስም ሳይሰረዝ ቀረ። ኢሳ ወጥቶ ሲሄድ ወልደጻድቅ አጠገብ ቆም ብሎ ትከሻውን ነካ አደረገው።

ሰው ተበትኖ ሁለቱ ወደ ብሎካቸው አብረው አዘገሙ። ማንኛቸውም ሌላውን አልጠበቀም፤ እርምጃቸው አንድ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ወልደጻድቅ ቆመ።

«ያን ዕለት እጅዎ ብለህ ዝም ያልከው ጥፍሬን አይተህ ነው?»

«አዎ። የእኔም እንዲሁ ብሎ ነው የጀመረው።»

«ረቡዕ ነው ያየኸው?»

«የለም። ዓምና ለፋሲካ ነው። ድንኳን ስንተክል ካስማውን ይዘውልኝ ነበር።»

ወልደጻድቅ የሐኪሟን አንድ ዓመት አሰበ። «ዓመት ሙሉ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ደቻሳ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ። በአነጋገሩ ክፋት አልነበረበትም፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። «ብነግርዎት፣ ጋሼ፣ ምን ይሉኝ ነበር?»

ምን ይለው እንደነበረ ያውቀዋል። ቃል በቃል ያውቀዋል። ደቻሳ ግን መልስ አልጠበቀም፤ ቢሊሴ በሩን ከፍታ ክንዱን ይዛ አስገባችው።

ወልደጻድቅ ደረጃውን ጀመረ። አንደኛ ፎቅ ላይ ቆመ፤ ሁለተኛው ላይ ደግሞ እንደወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ቆመ። ኮሪደሩ ላይ ከአንዱ በር ፊት የማያውቀው አዲስ ጥቁር ጫማ ተቀምጧል። የማን እንደሆነ አላየም። የደረጃውን ብረት ይዞ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ።